የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሻምፒዮና ድል ለምን ለእንግዶች ሆነ?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሻምፒዮና የተካሄደው በ1936 ዓ.ም ነው። ተወዳዳሪዎቹ በአዲስ አበባ የነበሩ አምስት ቡድኖች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ የኢትዮጵያውያን የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ሻምፒዮን የሆነው ደግሞ የሀገሪቱን ሠራዊት ለማሠልጠን የመጣው የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድን ነበር። ከወረራ ነጻ ከወጣች ገና ሦስት ዓመት ገደማ በሆናት ሀገር የመጀመሪያው ድል ለእንግዶች የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከገና ጨዋታ እስከ እግር ኳስ

ለጎጃም ገበሬ ከሩር ኋላ መሮጥ እንግዳ ነገር አይደለም። የልደት በዓል ሲቃረብ ጎበዛዝቱ ወደ መስኩ ወጥተው በገና ዱላ ሩር ይመታሉ። የአንዱ መንደር ሰው ከሌላው መንደር ይገጥማል። የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ጨዋታውም ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በዚያ ዕለት ሎሌ ጌታውን በጨዋታ መካከል ቢነካው አይወቀስም።

እግር ኳስ ግን የተለካ ሜዳ፣ በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋች፣ 90 ደቂቃና ዳኛ ይፈልጋል። ወደ ሻምፒዮና ሲያድግም አስቀድሞ የተቆረጠ የውድድር ቀንና ውጤት የሚመዘግብ አካል ያስፈልገዋል። ይህን ሥርዓት በአዲስ አበባ ያስለመዱት በከተማዋ ይኖሩ የነበሩ የውጭ ሀገር ሰዎችና ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በ1917 ዓ.ም የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኋላ በአፍሪካ እግር ኳስ ታላቅ ስም ያተረፉት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተማሩት በዚሁ ትምህርት ቤት ነበር።

ከወረራው ዋዜማ የተወለደ ቡድን

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም አየለ አትናሽና የግሪክ ተወላጁ ጆርጅ ዱካስ ከአራዳ ወጣቶች ጋር ሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስን ክለብ መሠረቱ። ክለቡ ስሙን ያገኘው በአራዳ ከሚገኘው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተመሠረተ ግማሽ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ግን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ወራሪው መንግሥት ነጭና ጥቁርን የሚለይ ሕግ አወጣ፤ ኳስ ሜዳውም ከዚህ አላመለጠም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስሙን ለውጦ እንዲጫወት ተገደደ። የዘመናዊ ትምህርት በር በኢትዮጵያውያን ላይ ተዘጋ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በኋላም የተማረው ወጣት ተለይቶ እየታደነ ተገደለ። ስለዚህ አምስቱ የወረራ ዓመታት ከትምህርት ቤት ሜዳዎች ይወጣ የነበረውን ትውልድ ጭምር የቀጠፉ ነበሩ።

አምስቱ ተፎካካሪዎች

የነጻነቱ ጉዞ ያለፈው በጎጃም በኩል ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ገቡ። ከአርበኞች ጎን ከተሰለፈው ጦር ውስጥ የእንግሊዝ መኮንኖችና የሱዳን ወታደሮች ነበሩበት። በ1934 ዓ.ም በሁለቱ መንግሥታት መካከል ስምምነት ተፈረመና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ አዲሱን ሠራዊት እንዲያሠለጥን ተመደበ። በ1936 ዓ.ም ሜዳ የወረደው የዚህ ልዑክ ቡድን ነው።

ሌሎቹ አራት ቡድኖች የከተማዋ ነዋሪዎች ነበሩ። አራራት የአርመኖች፣ ኦሊምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ ደግሞ በሀገሪቱ የቀሩት የጣሊያናውያን ቡድን ነበር። አምስተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቀለም ተለይተው የነበሩ ሰዎች በአንድ ውድድር፣ በአንድ ሕግ ሥር ተሰለፉ። ይህ ብቻውን ከውጤቱ የማይተናነስ ለውጥ ነበር።

ለእንግሊዞቹ ማሸነፍ የሚጠቀሰው ምክንያት ግልጽ ነው። የጨዋታው ዘመናዊ ሕግ የተጻፈው በሀገራቸው፣ በለንደን ሲሆን፣ ይህም የሆነው ውድድሩ ከመካሄዱ ከ80 ዓመት በፊት ነው። ጨዋታውን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ወታደሮች በመሆናቸውም ሰውነታቸው በልምምድ የጠነከረ ነበር። የኢትዮጵያውያኑ ቡድን በአንጻሩ ከወረራ ገና ማገገሙ ነበር።

ከሽንፈት በኋላ የተዘራው

ኢትዮጵያውያን ግን ብዙ አልዘገዩም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1942 ዓ.ም የሀገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። የጦር ሠራዊቱ ቡድን መቻልም በ1940ዎቹ ድሉን ደጋግሞ ወሰደ። ከዚያ ሻምፒዮንነቱ ከአዲስ አበባ መውጣት ጀመረ፤ በ1947 ዓ.ም ወደ ኤርትራው ሐማሴን፣ በ1952 ዓ.ም ወደ ድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ተሻገረ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን አነሣች። የቡድኑ አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። እርሳቸውም ከ1964 ዓ.ም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

የገጠሩ ድርሻ

ድሉ የተጓዘባቸውን ቦታዎች የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። እግር ኳስ ቀድሞ የጎለበተው ትምህርት ቤት፣ የጦር ካምፕ፣ ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ባለበት ነው። እነዚህ ቦታዎች ብዙ ወጣት በአንድነት የሚኖርባቸው፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓት የተለየባቸው ናቸው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን የወጣቱ ጊዜ የሚለካው በእርሻ፣ በአረምና በአጨዳ ነው። ጉልበትና ፍላጎት ሳያንስ፣ ቋሚ ሜዳና ቋሚ የውድድር ቀን ሳይኖር ቆይቷል። የዛሬው አማራ ክልል ክለብ የሀገሪቱን ፕሪሚየር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ2013 ዓ.ም ሲሆን፣ እርሱም የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነው። ከመጀመሪያው ሻምፒዮና 77 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከመራዊ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላሉ ወላጆች፣ መምህራንና የቀበሌ አመራሮች የ1936ቱ ውድድር የሚያስተላልፈው ትምህርት ከዚህ ይመነጫል። ያ ውድድር አምስት ቡድን፣ ሜዳና የተቆረጠ ቀን ብቻ ነበረው። የትምህርት ቤት ሜዳ ለግንባታ ሳይሸነሸን ከተጠበቀ፣ ውድድሩም ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት ከተያዘ፣ የገበሬው ልጅ ሥራውን ሳይፈታ ሊጫወት ይችላል። አምስት ቡድን ደግሞ ከአንድ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ማግኘት አያቅትም።