ምዕራፍ ሰባት፦ ሐረጉ በየትኛው ግድግዳ ይውጣ?

ቫስቱ ስለሚባለው የህንድ የቤት አሠራር ሥርዓት በዘመናችን በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ሐረግ የሚገኘው ነገር ሁለት መስመር አይሞላም። በሰሜን ምሥራቅ አትትከል፣ በደቡብ ምሥራቅ ትከል፣ አለቀ። ለምን ቢባል «ጥሩ ኃይል ይገባል፣ መጥፎ ኃይል ይወጣል» ይላሉ። ይህ ማብራሪያ አይደለም! እንዲህ ያለ መልስ የተሰጠው አንባቢ ወይ ሁሉንም በጭፍን ይቀበላል፣ ወይ ሁሉንም አሽቀንጥሮ ይጥላል። በሁለቱም መንገድ የህንድ ቤት ሠሪዎች ከሺህ ዓመት በላይ ያካበቱት እውቀት ያመልጠዋል።

ከምንጩ እንነሳ። የህንዱ ሊቅ ቫራሃሚሂራ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ብሪሃት ሳምሂታ ስለ ቤት አሠራርም ስለ ዕፅዋት አያያዝም ይናገራል። በቤት አጠገብ የበቀለ እሾኻም ዛፍ የጠላት ስጋት ያመጣል፣ ወተት የሚያወጣ ዛፍ ሀብት ያጠፋል ይላል። የዋርካና የሾላ ዘመድ የሆኑ አራት ዛፎችንም በአራቱ አቅጣጫ ይደለድላል፤ ባንያን በምሥራቅ ሲሆን መልካም፣ በምዕራብ ሲሆን ክፉ ነው። ይህን በፀሐይና በጥላ ለማስረዳት የሚደክሙ አሉ፤ አያስኬድም። የእምነት ድልድል ነው፣ በእምነትነቱ ይከበር።

ግን እዚህ ውስጥ የዛሬ አማካሪዎች የሚያዘወትሩት ሐረግ፣ መኒ ፕላንት፣ የት አለ? የለም፤ ሊኖርም አይችልም። መኒ ፕላንት የፓሲፊክ ደሴት ተክል ነው፣ የትውልድ ቦታው በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ያለችው ሞሬአ ናት። ቡገንቪሊያም የደቡብ አሜሪካ ነው፤ የአውሮፓ ዕፅዋት አጥኚዎች ናሙናውን የሰበሰቡት እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ፣ በፈረንሳዊው መርከበኛ በቡገንቪል ጉዞ ጊዜ ነው። ቫራሃሚሂራ ሁለቱንም አላያቸውም። ስለዚህ «ጥንታዊው ቫስቱ መኒ ፕላንትን በደቡብ ምሥራቅ አስቀምጡ ይላል» የሚል አማካሪ የራሱን ዘመን ምክር በጥንታዊ ስም እየሸጠ ነው። አዲስ ሕግ ማውጣት ነውር የለውም። አዲስ መሆኑን መደበቅ ግን ነውር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ተከራክሬአለሁ፣ ዛሬም አቋሜ ያው ነው።

እስካሁን ያልነው ይህ ነው፦ የጥንቱ ጽሑፍ የሚደለድለው ዛፍ ነው፤ የሐረግ ሕግ የሚባለው አብዛኛው በኋላ የመጣ ነው። ታዲያ ሐረግን በቫስቱ መንፈስ ማስቀመጥ ከንቱ ነው ማለት ነው? በፍጹም። ሰሜንና ምሥራቅ ዝቅና ቀለል ይበሉ፣ ደቡብና ምዕራብ ከፍና ከበድ ይበሉ የሚለው መርሕ ለሐረግም ይሠራል።

ሐረግ ቤቱ የሚደርበው ጋቢ ነው። ጋቢን ጋቢ የሚያደርገው ጥጡ ብቻ አይደለም፣ በልብሱና በገላ መካከል የሚቀረው አየርም ነው። ሐረግም ቅጠሉ ፀሐይን ይይዛል፣ ከጀርባው ያለው አየር ደግሞ ሙቀቱ ወደ ግድግዳው እንዳይሻገር ያግዛል። ምዕራቡ ግድግዳ የከሰዓቷን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለሚቀበል ቡሉኮ ይፈልጋል፦ ጥቅጥቅ ያለ፣ እስከ ጣሪያ የሚደርስ ሐረግ። ለደቡቡ ጋቢ ይበቃዋል፤ እሱም በብርድ ወራት የሚወልቅ ይሁን። በሰሜን ህንድ በጋው ሲበረታ የቀትር ፀሐይ ከጣሪያው በላይ ስለምታልፍ ደቡቡን ግድግዳ እምብዛም አትነካውም፣ በብርዱ ወራት ግን ዝቅ ብላ ታሞቀዋለች። ስለዚህ እንደ ወይን ያለ በብርድ ቅጠሉን የሚያራግፍ ሐረግ ይመረጣል። ለምሥራቁ ነጠላ በቂው ነው፤ ሰማያዊ አበባዋን ለአምልኮ የሚጠቀሙባት ቀጭኗ አፓራጂታ ትስማማዋለች። የሰሜን ምሥራቁ ማዕዘን፣ በቤቱ ቦታ ላይ ተጋድሟል የሚባለው መንፈስ የቫስቱ ፑሩሻ ራስ ያረፈበት፣ ምንም አይልበስ። ጋቢ ጫፉ መሬት እንደማይጎተት ሐረግም መሬት ለመሬት አይሳብ። ጋቢ ታጥቦ እንደሚሰጣ ሐረግም ይገረዝና አየር ይግባው። አበባውም ጥለት ነውና ወደ መንገድ በኩል ይታይ።

በህንዷ አህመዳባድ በአትክልት ንድፍ ስሠራ የአንድ ነጋዴ ቤት ምዕራባዊ ግድግዳ ማዱማልቲ በምትባል ሐረግ ተሸፍኖ ነበር። አበባዋ ነጭ ሆኖ ይፈካና ሮዝ፣ ቀጥሎም ቀይ ይሆናል። አንድ አማካሪ መጥቶ «ሐረግ ግድግዳ ላይ ከወጣ ዕዳ በባለቤቱ ላይ ይወጣል» አለና አስቆረጣት። በግንቦት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈበት ሰሞን፣ የቤቱ እመቤት ጠርተውኝ ምሽት ላይ መኝታ ቤቱን አሳዩኝ። አልጋው ከግድግዳው ተላቆ ወደ መሐል ተስቧል። እጄን ይዘው ግድግዳውን ከውስጥ በኩል አስነኩኝ፤ ፀሐይ ከገባች ቆይታለች፣ ልስኑ ግን ገና ይፋጅ ነበር። ጡብ ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ሙቀት ማታ ወደ ውስጥ ይተፋል። እኔን ያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ያው ብሪሃት ሳምሂታ የማይስማማውን ዛፍ መቁረጥ ካልፈለግህ በመካከሉ አሾካን፣ ኒምንና ሌሎች የተወደዱ ዛፎችን ትከል ይላል። መጽሐፉ የሰጠውን ምሕረት አማካሪው ነፈገ።

አሁን ወደ አያያዙ። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ሐረጎች ባሳተመው ጥናት በመጠምጠም፣ በቅጠል፣ በቀጫጭን ጅማት፣ በመንጠቆና በሥር የሚወጡ እያለ ለያይቷቸዋል። ለግድግዳ የሚያሳስበው በተለይ በሥሩ የሚጣበቀው ነው። በየአጥሩ የሚታየውን ፊከስ ፑሚላ ከግድግዳ ላይ መንግሉት፦ ቡናማ የሥር ቁርጥራጭ ቀለሙ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፣ ልስኑ የላላ ከሆነም አብሮ ይመጣል። ግንዱን ስትቆርጡት ነጭ ወተት ይፈሳል፤ የቫራሃሚሂራን ቃል የሚያከብር ሰው ሊጠነቀቀው የሚገባው እንግዲህ ይህን ነው። በኦክስፎርድ የሄዘር ቫይልስ ቡድን በእንግሊዝ አሮጌ ግንቦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ አይቪ ደህናውን ግድግዳ ከሙቀትና ከቅዝቃዜ መፈራረቅ እንደሚጠብቅ፣ ቀድሞ የተሰነጠቀውን ግን ሥሩ ገብቶ እንደሚያባብስበት አሳይቷል። ስለዚህ «ሐረግ ቤት ያፈርሳል» የሚለውም «ሐረግ ቤት ይጠብቃል» የሚለውም ግድግዳው ሳይታይ አይባልም።

አቅጣጫም ያለ ኬክሮስ ትርጉም የለውም። አህመዳባድ 23 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፣ ዱባይ 25፤ የአንዷ ምክር ለሌላዋም ይሠራል። አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ስለዚህ የአህመዳባድ ምክር እንዳለ አይሠራላትም። ደግሞም የአዲስ አበባ ግድግዳ ችግሩ ሙቀት ሳይሆን የክረምት እርጥበት ነው። በተለይ የጭቃ ግድግዳ ላይ በሥሩ የሚጣበቅ ሐረግ አይውጣ።

በየትኛውም አገር የምመክረው የሚጠመጠም ሐረግና የተወጠረ ሽቦ ነው። ግድግዳውን በትራፓኖ ብሱ፣ ፊሸር ክተቱ፣ ሽቦው ከልስኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ረዥም ብሎን ተጠቀሙ። ጉድጓዱን ከግድግዳው ሥር አትቆፍሩ፤ ከጣሪያው ክፈፍ በታች ያለው አፈር ዝናብ አያገኝም። ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ትከሉና ግንዱን ወደ ሽቦው አዘንብሉት። አሸንዳው ላይ ከመድረሱ በፊትም ጫፉን ቁረጡ።