የአደራ ልጅ በሞያሌ

የአደራ ቤተሰብ ማለት ወላጁን ያጣ ወይም ከወላጁ ጋር መኖር ያልቻለ ሕፃን ዘላቂ መፍትሔ እስኪገኝለት ድረስ የሚያድግበት ቤት ነው። በቦረናዎች ዘንድ የታወቀው ጉዲፈቻ ግን ቋሚ ነው፤ ልጁ እንደ አብራክ ክፋይ ይቆጠራል፣ ይወርሳልም። ኬንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የሕፃናት ሕግ ከአደራ ቤተሰብ ጎን ካፋላን፣ ማለትም በእስልምና ሥርዓት ሙስሊም አሳዳጊ ልጅን ወስዶ የሚያሳድግበትን መንገድም፣ ዕውቅና ሰጥቶታል። ሙስሊም ለሚበዛባት የኬንያዋ ሞያሌ፣ ለማንያታ ዓይነት ሰፈሮቿም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የአደራ ቤተሰብ አገልግሎቱን መንግሥት ወይስ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ይምራው የሚለው ጥያቄ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችን ያከራክራል። የመንግሥት ባለሙያ ሥልጣን አለው፣ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል፤ ዳሩ ግን እጁ ላይ ያለው መዝገብ ብዙ፣ መኪናና ነዳጁ ጥቂት ነው። የድርጅቱ ባልደረባ ቤተሰቡን ደጋግሞ ይጎበኛል፣ አሳዳጊዎችን ያሠለጥናል። የእሱ ችግር ገንዘቡ ነው፤ የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያበቃ ክትትሉም ይቆማል፣ ልጁ ግን ገና ልጅ ነው። ስለዚህ ምደባውና ቁጥጥሩ በመንግሥት እጅ ሆኖ ድጋፉን ድርጅቶች ቢሰጡ ይሻላል።

እንደ ሞያሌ ባለች የድንበር ከተማ ሌላም ጣጣ አለ፦ የልጁ ዘመዶች ከኢትዮጵያ በኩል ቢገኙ የሁለት አገር መሥሪያ ቤቶች መነጋገር ይኖርባቸዋል። የአገሮቹ ሕግና አሠራርም ይለያያል፦ ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ልጆቿ ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ከልክላለች፤ ኬንያ ደግሞ እስከ 2032 እ.ኤ.አ. በሚዘልቀው ስትራቴጂዋ ሕፃናትን ከማሳደጊያ ተቋማት ወደ ቤተሰብ እያዛወረች ነው።