ከጣና ወደ ወንዞቹ የሚወጡት ዓሦች

ሳልሞንና ስቲልሄድ ለመራባት ከውቅያኖስ ወደ ወንዝ ሽቅብ የሚጓዙ ዓሦች ናቸው። ኢትዮጵያም የራሷ ተጓዦች አሏት፤ አጥማጆች ነጭ ዓሣ፣ ተመራማሪዎች ላቤዮባርበስ የሚሏቸው የጣና ዓሦች።

የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው፣ 15 ያህል ዝርያዎች በጣና ተፈጥረዋል። ክረምቱ ሲበረታ ከፊሎቹ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

አደጋውም ያኔ ነው። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ከገቡ ወዲህ፣ ብዙ አጥማጅ በወንዞቹ አፍ የተሰበሰበውን ዓሣ ያጠምዳል። ከወንዞቹ ላይኛው ክፍል ደግሞ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ውስጥ በመጨመር ዓሣ የሚያደነዝዙ አሉ። ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባደረጉት ክትትል የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆልቁሏል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ለቁጥጥር መሠረት ጥሏል። የመራቢያ ወቅትና ቦታ ካልተከበረ ግን ሕግ ብቻውን አያድናቸውም።

ዓሣ የሚገዛ ሰውም ድርሻ አለው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የጣና ዓሣ ሲያገኝ ዓይነቱን ይጠይቅ፤ ነጭ ዓሣ ከሆነ ይተወውና ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይግዛ።