የሰበካው ኮምፒውተር ሲከፈት አብሮት የሚነሣው ማን ነው?

ባለፈው የሪፖርት ወቅት በሸዋ ቤንች አካባቢ ከሚገኙት የሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ተገኝተን ነበር። ጸሐፊው ኮምፒውተሩን ከፍተው ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ ማሽኑ ለሥራ አልተዘጋጀም። «እርጅና ነው» አሉን፤ እኛም ለጊዜው አመንናቸው። ቆይተን ስንመለከተው ግን ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ማንም ሳያዝዛቸው አብረውት የሚነሡ 14 ፕሮግራሞች አገኘን። ከእነርሱም አንዱ ትርጉም በሌላቸው ፊደላት የተሰየመ ነበር፤ ማን እንደ ጫነው የሚያውቅ አልተገኘም።

በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የምእመናን መዝገብ፣ የቁጠባ ማኅበራት ሒሳብ፣ ድጋፍ የሚደረግላቸው ሕፃናት ስምና ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችን ዝርዝር ተቀምጧል። እነዚህ ወገኖች ስማቸውን የሰጡን ጎረቤታቸው እንኳ እንዳያውቅ ዐደራ ብለው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን ጤንነት የሚመለከት መረጃ የተለየ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ይመድበዋል። ነገሩን ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ ልንተወው ያልወደድነው ስለዚህ ነው።

የስለላ ሶፍትዌር፣ በተለምዶ ስፓይዌር የሚባለው፣ እንደ ሌሎቹ ቫይረሶች ፋይል በማጥፋት አይታወቅም። ተደብቆ የምንጽፈውን ፊደልና የይለፍ ቃላችንን፣ አንዳንዱም የካሜራውንና የማይክሮፎኑን ቅጂ ለላከው ሰው ያቀብላል። ለአገራችን ሰዎችም እንግዳ አይደለም። በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ፊንስፓይ የተባለው ሶፍትዌር በፎቶግራፍ አምሳል ኢትዮጵያውያንን ለማጥመድ እንደ ዋለ አሳይቷል። በ2017 ባወጣው ጥናት ደግሞ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቪዲዮ ለማየት አዶቢ ፍላሽን እንዲያድሱ በሚጠይቅ የሐሰት ገጽ እንደ ተጠመዱ ገልጿል። (ይህ በኪስ ከምንይዘው ፍላሽ የተለየ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስለ ተወው፣ ዛሬ አድሱት የሚል መልእክት ቢመጣ ሐሰት ነው።) ያን ያህል የረቀቀ መሣሪያ በሰበካ ላይ ይዘምታል ብለን አናስፈራራም፤ ተራው ስፓይዌር ግን የሚገባበት በር ያው ነው፤ ሰው በገዛ እጁ ከፍቶ ያስገባዋል።

ከገባ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ እርሱም ስለሚቆም፣ በማግሥቱ ተመልሶ የሚነሣበትን ቦታ ያበጃል። ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ ስታርትአፕ የሚባለው ዝርዝር ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ስንጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ስታርትአፕ በሚለው ክፍል ዝርዝሩ ይታያል። የማይፈለገውን በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭነን «ዲሴብል» የሚለውን እንመርጣለን። ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋውም፤ ሳይጠራ እንዳይነሣ ብቻ ያደርገዋል፤ ብንሳሳትም «ኢኔብል» ብለን እንመልሰዋለን። የአማርኛ መጻፊያውን፣ ለምሳሌ ፓወር ግዕዝን፣ ባንነካ ይሻላል። እኛ ከሌሎቹ ጋር ብናቆመው ጸሐፊው በማግሥቱ ደብዳቤ መጻፍ አቃተኝ ብለው ደውለውልናል።

ነገር ግን ከዝርዝሩ ማስቆም ማንጻት አይደለም። ስፓይዌር ሰርቪስ በሚባለው ክፍልና በታስክ ስኬጁለርም ይደበቃል። ስለዚህ በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ የሚገኘውን የማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን አስጀመርነው። ይህ ምርመራ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ስለሚሠራ ስፓይዌሩ ለመደበቅ ጊዜ አያገኝም። ያ ስም የለሽ ፕሮግራም የይለፍ ቃል ሰራቂ ሆኖ ተገኘ። የኢሜይሉንና የባንኩን የይለፍ ቃል በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ለወጥን። የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ወጥቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ግን እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልንም።

እንዴት እንደ ገባ ስንጠይቅ መልሱ ቀላል ነበር። ዊንዶውሱን የጫነው ባለሙያ ያለ ክፍያ እንዲሠራ «ክራክ» የሚባለውን ተጠቅሟል፤ ክራኩ ደግሞ አስቀድሞ ዲፌንደርን ማጥፋትን ይጠይቃል። ዘበኛውን አሰናብቶ በር የሚያስከፍትን ሰው በግቢያችን ብናገኝ ዝም አንለውም ነበር። በዚያው ኮምፒውተር ሁለት ጸረ ቫይረሶች ተጭነው ነበር፤ የአንደኛው ዘመን አልፏል፣ ሌላው ከእርሱ ጋር እየተጋጨ ማሽኑን ያንቀራፍፋል። ሁለቱንም አውጥተን ዲፌንደርን መለስን። ሰበካዎቻችን ተጨማሪ እንዲገዙ አንመክርም፤ አንድ የታደሰ ጠባቂ ይበቃል።

የሚያስቸግረው ማደሱ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ደብር ያለ ዲፌንደር የሚያውቀው የአምናን ሌቦች ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት የማደሻውን ፋይል ለብቻው በነጻ ስለሚያቀርብ፣ ሚዛን ወይም ቴፒ የሚወርድ ሰው ከኩባንያው ገጽ አውርዶ በፍላሽ ሊያመጣው ይችላል። ፍላሹ ራሱ ከየማተሚያ ቤቱ በሽታ ይዞ እንዳይመለስ ግን ከመከፈቱ በፊት ይመርመር፤ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው የአቋራጭ ምልክት ከታየ አይነካ።

ከመጪው ሩብ ዓመት ጀምሮ ሪፖርት ይዘው የሚመጡ አባቶችና የኮሚቴ አባላት ፍላሻቸውን አስቀድመን ስንመረምር ጥቂት ደቂቃ እንዲታገሡን በትሕትና እንጠይቃለን።