«ልቤ ይደልቃል» ማለትን አትፍሩ

አንዲት የልጆች እናት እንቅርቷ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣላት ቀጠሮ ተይዞላታል እንበል። «ሌላ ሕመም አለብዎት ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ፣ ልቧ አለወትሮው እየደለቀ እንደሚያስቸግራት ብታውቅም ቀጠሮው እንዳይተላለፍባት በመስጋት «ምንም የለብኝም» ትላለች። ውድ እናቶችና እህቶች፣ ይህች አንዲት ቃል ሕይወትን አደጋ ላይ ልትጥል ትችላለች።

እንደሚታወቀው የጤነኛ አዋቂ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቭን የሚጎዳው በሽታና ከመጠን በላይ የሚሠራ እንቅርት ግን ይህን ምት ሊያዛቡት ይችላሉ። የልብ የላይኛው ክፍል በወጉ መኰማተሩ ቀርቶ ሲርገበገብ በውስጡ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋውም ደም ወደ አንጎል ከሄደ ሽባ ያደርጋል።

«ታዲያ ይህ ከማደንዘዣ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ትሉ ይሆናል። የማደንዘዣ መድኃኒት ሥራው ማስተኛት ብቻ አይደለም። የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ፣ የልብንም ምት ሊያዘገይ ወይም ሊያፋጥን ይችላል። ባለሙያው የልባችሁን ሁኔታ አስቀድሞ ካወቀ ግን የልብ ምት በኤሌክትሮካርዲዮግራም እንዲነሣ፣ ደምም እንዲመረመር ያደርጋል፤ የሚስማማውን መድኃኒት ይመርጣል፤ ምቱ ቢዛባ የሚያስፈልገውንም መሣሪያ ያዘጋጃል። ከመጠን በላይ የሚሠራ እንቅርትም አስቸኳይ ካልሆነ በቀር አስቀድሞ በመድኃኒት መረጋጋት አለበት። ቀጠሮ ቢተላለፍ ይመለሳል፤ ሕይወት ግን አይመለስም።

በመድኃኒት አወሳሰድም ረገድ ጥንቃቄ ያሻል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው 5 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይቋረጣል፤ ይህም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚፈጸም ነው። በአንጻሩ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያሉት የልብ ምት ማረጋጊያዎች በድንገት መተው የለባቸውም። «ምግብ ሳትበሉ ኑ» መባል «መድኃኒታችሁን ተዉ» ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ከፈቀደ በዕለቱ ጠዋት በጉንጭ ውኃ ይዋጣል። ስለሆነም የትኛው እንደሚዋጥ፣ የትኛው እንደሚቆም ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

ለቀዶ ሕክምና ስትሄዱ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ያዙ። ራሳችሁን ስታችሁ ወድቃችሁ ከነበረ፣ ልባችሁ የሚደልቅ ወይም የሚዘል ከሆነ፣ የባህል መድኃኒትም ወስዳችሁ እንደሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ። ማደንዘዣው ከተሰጣችሁ በኋላ መናገር አትችሉምና፣ የምትናገሩት አስቀድማችሁ ነው።