ሽንት ቤትም የመሪ ጉዳይ ነው
ስለ ወይዘሮ ዶሎሬስ ሁዌርታና በካሊፎርኒያ እርሻ ላይ ስለሚውሉ ሴቶች ጤና

ጤና ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሆስፒታሉን፥ ሐኪሙንና መርፌውን ነው። ዳሩ ግን የሰው ጤና የሚጠበቀውም ሆነ የሚበላሸው ይበልጡን ጊዜ ከሆስፒታል ደጅ ርቆ፥ ቀኑን ሙሉ በሚውልበት የሥራ ቦታ ነው። የሚጠጣ ውሃ አለ ወይ? እጅ መታጠቢያ አለ ወይ? ሽንት ቤቱ ቅርብ ነው ወይ? በሩስ ይዘጋል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ለአፍ የማይመቹ ስለሚመስሉ በስብሰባ ላይ የሚያነሣቸው ሰው ጥቂት ነው። ለሴት ሠራተኛ ግን ከደመወዝ ጥያቄ የማያንሱ ናቸው። ይህን ነገር ሳያፍሩ ወደ መደራደሪያ ጠረጴዛ ካቀረቡት ሰዎች አንዷ ወይዘሮ ዶሎሬስ ሁዌርታ ይባላሉ። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ስለ እሳቸውና ስለ ሥራቸው ጥቂት እናወራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልን።

ወይዘሮ ዶሎሬስ በ1930 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ዶውሰን በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ተወለዱ። ወገናቸው ሂስፓኒክ ከሚባሉት አሜሪካውያን ነው፤ ይኸውም የዘር ሐረጋቸው ስፓኝኛ ከሚነገርባቸው አገሮች የሚመዘዝ ሕዝብ ማለት ነው። አባታቸው የማዕድን ሠራተኛ ነበሩ፤ በኋላም በ1938 ለግዛቱ ምክር ቤት ተመርጠዋል። እናታቸው ደግሞ በካሊፎርኒያ፥ በስቶክተን ከተማ ሆቴል ይዘው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ብርቱ ሴት ነበሩ፤ ገንዘብ ያጠረውን የእርሻ ሠራተኛ በርካሽ፥ አንዳንድ ጊዜም በነጻ ያሳድሩ ነበር ይባላል።

ልጅቱም ተምረው አስተማሪ ሆኑ። ነገር ግን የእርሻ ሠራተኞች ልጆች ተርበውና ጫማ አጥተው ወደ ክፍል ሲመጡ ማየት አላስቻላቸውም። የተራበውን ልጅ ፊደል ከማስቈጠር ይልቅ ወላጆቹን በማኅበር ማደራጀት እንደሚሻል አምነው የአስተማሪነቱን ሥራ ተዉት። ኖራ የጨበጠ ሁሉ ይህ ውሳኔ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳዋል። በ1962 ከሴዛር ቻቬዝ ጋር ሆነው የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር መሠረቱ።

በዚያን ዘመን የካሊፎርኒያ እርሻ ምን ይመስል ነበር? አሜሪካ በ1935 ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው ከአሠሪ ጋር እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ ስታወጣ የእርሻ ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ ትታቸው ነበር። ስለዚህ ወይን የሚለቅመውና ሰላጣ የሚኰተኩተው ሰው አቤት የሚልበት ቦታ አልነበረውም። በብዙ እርሻ ላይ ሽንት ቤት የሚባል ነገር ፈጽሞ አይገኝም። ውሃም ቢገኝ ሁሉም የሚጠጣው በአንድ ጣሳ ነው።

ወንዱ ራቅ ብሎ ጉዳዩን ይጨርሳል። ሴቲቱ ግን ሜዳው ገላጣ፥ ካቦው አጠገቧ፥ ጓደኞቿ ዙሪያዋን ሆነው የት ትሂድ? ጓደኛዋ ነጠላ ጨርቅ ዘርግታ ትከልላታለች፤ አለዚያም እስከ ማታ ትታገሣለች። እንዳይመጣባት ስትልም ውሃ መጠጣቱን ትተወዋለች። መዘዙ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ ከወንድ ይልቅ እጅግ አጭር ስለ ሆነ ተሐዋስያን ወደ ፊኛዋ በቀላሉ ይደርሳሉ። ውሃ በብዛት ቢጠጣና ሽንት በየጊዜው ቢወጣ ታጥበው ይሄዱ ነበር። ሽንት ሲታመቅና ውሃ ሲቀንስ ግን እዚያው ይራባሉ፤ ማቃጠል፥ ቶሎ ቶሎ መሽናትና የሆድ ሕመም ይከተላል። ሕመሙ ወደ ላይ ወጥቶ ኩላሊት ሲደርስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ነፍሰ ጡር የሆነች እንደ ሆነ ልጁ ካለጊዜው እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ውሃ ያልጠጣ ገላ ደግሞ በዚያ በካሊፎርኒያ ሐሩር ቶሎ ይወድቃል። እንግዲህ የአንድ ሽንት ቤት መታጣት ስንት በሽታ እንደሚወልድ ተመልከቱ።

በዚህ ላይ ደግሞ እጀታው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ መኰትኰቻ ነበረ። ሠራተኞቹ በስፓኝኛ «ኤል ኮርቲቶ» ይሉታል፤ «አጭሩ» ማለት ነው። በእርሱ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ለሁለት ታጥፎ ይውላል። ቀና ያለውን ሰው ካቦው ከሩቅ ለይቶ ስለሚያውቀው፥ መሣሪያው መኰትኰቻም መቈጣጠሪያም ነበር። የስንቱ ወጣት ወገብ በዚህ ተሰበረ! ካሊፎርኒያ ይህን መሣሪያ የከለከለችው በ1975 ነው።

በመስከረም 1965 በዴላኖ ከተማ በመጀመሪያ የፊሊፒንስ ተወላጅ የሆኑ የወይን ለቃሚዎች ሥራ አቆሙ። ከጥቂት ቀን በኋላ የወይዘሮ ዶሎሬስ ማኅበር ተከተላቸው። አድማው አምስት ዓመት ያህል ቈየ። ማኅበሩም «ወይኑን አትግዙ» እያለ የከተማውን ሕዝብ ለመነ። ወይዘሮ ዶሎሬስ ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው ይህን ሥራ መርተዋል። ሕግ ያልተማሩ፥ የድርድር ልምድ ያልነበራቸው ሴት ሆነው ሳለ ከባለ እርሻዎቹ ጠበቆች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ ተከራከሩ። በሐምሌ 1970 የዴላኖ ባለ እርሻዎች ሲፈርሙ በውሉ ውስጥ ከደመወዝ ጭማሪ ሌላ ሽንት ቤት፥ ንጹሕ የመጠጥ ውሃና ከተባይ መድኃኒት መጠበቂያ ደንብ ገባ።

የተባይ መድኃኒቱ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ሴቶቹ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና የቈዳ ሽፍታ ይዟቸው ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይመጡ ነበር። ጄሲካ ጎቬያ የተባለች፥ በልጅነቷ እርሻ ላይ የሠራች ሜክሲካዊ ዘር ያላት ወጣት ይህን አቤቱታ ሰብስባ ጉዳዩን የማኅበሩ ጉዳይ ካደረጉት ሰዎች አንዷ ናት። ማኅበሩ በውሎቹ ዲዲቲ በእርሻዎቹ ላይ እንዳይረጭ ሲያስከለክል፥ መንግሥት በአገሩ ሁሉ ያገደው ግን በ1972 ነው። ወይን ለቃሚዎቹ መንግሥታቸውን ቀደሙት ማለት ነው።

ውል የሚያስረው የፈረመውን ብቻ ነው። ለሁሉም የሚሆን ሕግ ለማግኘት ብዙ ዓመት ክርክር አስፈለገ። በመጨረሻ በ1987 የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት 11 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች የሚያሠራ እርሻ ለ20 ሠራተኛ አንድ ሽንት ቤትና አንድ እጅ መታጠቢያ፥ ከሥራው ቦታ 400 ሜትር በማይርቅ ስፍራ፥ ንጹሕና ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃም ጭምር እንዲያቀርብ ደነገገ። ካሊፎርኒያም በ2005 ለሠራተኛ ጥላና በየሰዓቱ አንድ ሊትር ያህል ውሃ እንዲቀርብ የሚያዝዝ የሙቀት ደንብ አወጣች። ቊጥሩን ልብ በሉ፤ ከአድማው መጀመሪያ እስከ 1987ቱ ደንብ 22 ዓመት አለፈ። ከ11 ያነሰ ሠራተኛ ያለው እርሻ ደግሞ ከዚያ ደንብ ውጭ ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? የመጀመሪያው ነገር ችግሩን የሚያውቀው ሰው በውሳኔው ስፍራ መገኘት እንዳለበት ነው። ባለ እርሻዎቹ ሁሉ ክፉዎች ስለ ነበሩ አይደለም ሽንት ቤቱ የታጣው፤ ብዙዎቹ ነገሩን አስበውት አያውቁም ነበር። የሴቶቹን ቋንቋ የሚናገር፥ ምሥጢራቸውንም ሳያፍሩ የሚነግሩት መሪ ሲገኝ ግን ሹክሹክታው የውል አንቀጽ ሆነ። ሁለተኛው፥ ወይዘሮ ዶሎሬስ ሕዝቡን በመወከል ብቻ አልረኩም፤ በየእርሻው ሠራተኞቹ ራሳቸው የመረጧቸው ኮሚቴዎች ውሉ መፈጸሙን እንዲከታተሉ ተደረገ። በ1972 በአሪዞና ሰዎች «አይቻልም» ባሏቸው ጊዜ «ሲ፥ ሴ ፑዌዴ» ብለው መለሱ፤ «አዎን፥ ይቻላል» ማለት ነው። ይህም ቃል የማኅበሩ መፈክር ሆኖ ቀረ። በ2012 ፕሬዚዳንት ኦባማ ከፍተኛውን የሲቪል ኒሻን ሸለሟቸው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይህ ምሳሌ ለቢሮና ለትምህርት ቤትም ይሠራል። ውሃ የማትጠጣ ተማሪ ለምን እንደማትጠጣ፥ ከቀትር በኋላ ፊቷ የሚገረጣ ጸሐፊ ምን እንደሆነች ማን ጠይቋት ያውቃል? ሴት ሠራተኛም ብትሆን ማቃጠል ወይም ትኩሳት ሲሰማት ነውር ነው ሳትል ወደ ሐኪም መሄድ ይገባታል። ነገ የክፍል ኃላፊ ለመሆን የሚያስበው ወጣት ደግሞ ወንበሩን ከመመርመሩ በፊት ሴቶቹ የሚጠቀሙበትን ሽንት ቤት ሁኔታ ይጠይቅ፤ ቊልፉና ውሃው መኖሩንም ያረጋግጥ። የመሪነቱ ፈተና ከዚያ ይጀምራል።