ድርጅቱ ሲከስር ገንዘቡ ለማን ይደርሳል?

ወላይታ ሶዶ ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭና ከዳውሮ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ናት። በገበያዋ ብዙ ዕቃ የሚንቀሳቀሰው በዱቤ ነው። ገበሬው ምርቱን ለሰብሳቢ ያስረክባል፣ ሰብሳቢው ለድርጅት ያስረክባል፣ ድርጅቱ አዲስ አበባ ወስዶ ሲሸጥ ወደ ኋላ ሁሉም ይከፈላል። አንዱ መክፈል ሲያቅተው ግን ከሥሩ ያሉት ሁሉ አብረው ይያዛሉ።

መክፈል የሚያቅተው ደግሞ ሁልጊዜ አጭበርባሪ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የዝንጅብል ማሳን ሲያወድም፣ ቦሎሶ ቦምቤን የመሳሰሉ ዝንጅብል አምራች ወረዳዎች ክፉኛ ተመቱ። በዝንጅብል ላይ ተመሥርቶ የተበደረ ሰው ምንም ሳያጠፋ ባለዕዳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህን አስቀድሜ የማነሳው፣ በእኛ ዘንድ «ከሰረ» የተባለ ሰው ወዲያው እንደ ሌባ ስለሚታይና በዚህ ፍርሃት ብዙ ነጋዴ ዕዳውን ደብቆ ነገሩን ስለሚያባብስ ነው።

ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር የተለመደው መንገድ ይታወቃል። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል። ቀጥሎ ባለገንዘቡ በእጁ የያዘውን ቼክ ባንክ ይዞ ይሄዳል፤ ቼኩ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ይመለሳል። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል፤ ሆኖም ባለዕዳው ቢታሰርም ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ክስ ይከፈታል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት መጠኑ የታወቀ የገንዘብ ዕዳ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊታይ ይችላል። ባለገንዘቡ ሲፈረድለት የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍታል፤ የድርጅቱ መኪና ወይም በመጋዘኑ ያለው ምርት ይከበራል፣ በሐራጅ ይሸጣል።

አንድ ባለገንዘብ ብቻ ካለ ይህ ይበቃል። ባለገንዘቦቹ ሃያ ሲሆኑና ንብረቱ ለአምስቱ እንኳ ሳይበቃ ሲቀር ግን ነገሩ እሽቅድምድም ይሆናል። ጠበቃ ያለው፣ ከተማ የሚኖር፣ ወሬውን ቀድሞ የሰማ ሰው አስቀድሞ ፍርድ ያገኛል። ሌሎች ፍርድ ያላቸው ሰዎች ሐራጁ ሳያልቅ ከደረሱ አብረው እንዲካፈሉ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ፍርድ የሌለው ግን ድርሻ የለውም። ከገሱባ ወይም ከቦዲቲ ገጠር ምርቱን በቃል ያስረከበ ገበሬ ፍርድ ይዞ የሚደርሰው ምናልባት መጋዘኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

የኪሳራ ሕግ የተሠራው ይህን እሽቅድምድም ለማስቆም ነው። ኢትዮጵያ ይህን ሕግ በተሟላ መልኩ ያገኘችው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ሲሆኑ፣ እሳቸው ሲያርፉ የአገራቸው ሰው አልፍሬድ ዦፍሬ ጨርሰውታል። ሕጉ ስለ ኪሳራ የሚናገር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነበረው። ከስድሳ ዓመት በኋላ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ይህን ክፍል በአዲስ ተካው።

የሕጉ መነሻ ክፍያ ማቆም ነው። አንድ የንግድ ድርጅት የደረሰ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ራሱ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ያልተከፈለው ባለገንዘብም ማመልከት ይችላል። ጉዳዩ የገንዘቡ መጠን ቢያንስም እንኳ የሚታየው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የአንድ ጊዜ መዘግየት ወይም በዕዳው መጠን ላይ ያለ ክርክር ብቻውን ኪሳራ አያስብልም። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ድርጅቱ በእርግጥ መክፈል አቅቶት እንደሆነ ነው። የብሪታንያ ሕግ ለዚህ ቀላል መለኪያ አለው፤ ቢያንስ 750 ፓውንድ ያልተከፈለው ሰው በጽሑፍ ይጠይቃል፣ ኩባንያው በ21 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ወይም ካልተስማማ መክፈል እንዳቃተው ይቆጠርና እንዲፈርስ ማመልከቻ ሊቀርብበት ይችላል።

ኪሳራ ሲታወጅ ባለገንዘቦች በየፊናቸው ማስፈጸም ያቆማሉ፤ ፍርድ ቤቱ የሚሾመው ባለአደራ ንብረቱን ተረክቦ ይቆጥራል፣ ሁሉም ጥያቄውን ከነማስረጃው ያቀርብለታል።

አሁን በቁጥር እንየው። በሶዶ የሚገኝ አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እናስብ። መጋዘኑ ለባንክ በመያዣነት ተይዟል፤ የባንኩ ዕዳ 2,000,000 ብር ነው፣ መጋዘኑም በዚያው ዋጋ ተሸጠ። ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት መሸጥ ስለሚችል፣ በዚህ በኩል ለሌላው የሚተርፍ የለም። የቀረው ያገለገለ አይሱዙና ምርት ነው፤ ሲሸጥ 600,000 ብር አወጣ። የማጣራቱ ወጪ 50,000፣ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ 150,000፣ ግብር 100,000 ብር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ ክፍያ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ግብር ሰብሳቢውም የራሱ ቅድሚያ አለው። እነዚህ ከተከፈሉ በኋላ 300,000 ብር ይቀራል። ያለ መያዣ ያበደሩና ምርት ያስረከቡ ሰዎች ጥያቄ ደግሞ 1,200,000 ብር ነው። ለእያንዳንዱ ብር 25 ሳንቲም ይደርሳል ማለት ነው። 40,000 ብር የሚጠይቅ ገበሬ 10,000 ብር ያገኛል።

አሥር ሺህ ብር ማጽናኛ ላይመስል ይችላል። ኪሳራ ሳይታወጅ ቢቀርስ? 500,000 ብር የሚጠይቅ አንድ ትልቅ ነጋዴ ቀድሞ ፍርድ አግኝቶ አይሱዙውንና ምርቱን ቢያሸጥ፣ ሌላ ሰው በጊዜ ካልደረሰ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። ለቀን ሠራተኛው፣ ለዘበኛውና ለገበሬው በጋራ የሚተርፈው 100,000 ብር ብቻ ነው። በእኔ እምነት ይህን ሕግ በከተማ ካለው ነጋዴ ይልቅ የገጠሩ አቅራቢና ዝቅተኛ ተከፋዩ ሊያውቁት ይገባል።

ሕጉ ወደ ኋላም ይመለከታል። ድርጅቱ መክፈል ካቆመ በኋላ፣ ኪሳራው ከመታወጁ በፊት ባለው ጊዜ የተደረገ ስጦታ፣ ጊዜው ላልደረሰ ዕዳ የተፈጸመ ክፍያ ወይም ለአሮጌ ዕዳ የተሰጠ አዲስ መያዣ ሊፈርስ ይችላል። መኪናውን በወንድሙ ስም ያዞረ ሥራ አስኪያጅ መኪናው ተመልሶ ለሁሉም እንዲከፋፈል ሊገደድ ይችላል። ንብረት መደበቁ ከተረጋገጠ ደግሞ የማጭበርበር ኪሳራ ወንጀል ነው።

አዲሱ ሕግ ትልቅ ለውጥ ያመጣው ድርጅቱ ከመውደቁ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ነው። ችግሩ ሲታይ ገና፣ ባለዕዳው ከባለገንዘቦቹ ጋር ዕዳውን የሚያራዝም ወይም የሚቀንስ ዕቅድ አውጥቶ በፍርድ ቤት ማስጸደቅ ይችላል። ሽማግሌም ይህን ይሞክራል፤ የሽማግሌ ስምምነት ግን የሚይዘው እሺ ያለውን ሰው ብቻ ነው። በፍርድ ቤት የጸደቀ ዕቅድ እንቢ ያለውን ጥቂት ባለገንዘብም ይይዛል። ሻጋታ የበላውን ምርት ጥሎ በሚቀጥለው መኸር ሊያገግም ለሚችል ድርጅት ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

አገራችን ሕጉን የምትጠቀምበት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። በሰፊው የተወራው ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር ነው፤ ድርጅቱ በ2005 ዓ.ም. ገደማ የኪሳራ ጥያቄ ሲያቀርብ፣ ገንዘባቸውን አስቀድመው ከፍለው መኪና የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሩት። አስቀድሞ የከፈለ ገዢም መያዣ ከሌለው ምርቱን በዱቤ እንዳስረከበው ገበሬ ነው፤ ተራው ከኋላ ነው።

ስለዚህ ማስረጃ ከወዲሁ መያዝ ያሻል። የርክክብ ደረሰኝ፣ የሚዛን ወረቀት፣ የሁለት ምስክር ፊርማ ያለበት ውል፣ የባንክ ዝውውር ማረጋገጫ ለባለአደራው የሚቀርቡ ናቸው። ቀነ ገደብ ስለሚኖር ማስታወቂያውን መከታተልም ግድ ነው።

ገበሬው ያላገኘው 30,000 ብርስ? ማኅበሩ ፈርሶ ከንግድ መዝገብ ሲሰረዝ ዕዳው ከድርጅቱ ጋር ይቀራል፤ አባላቱ በመርህ ደረጃ ከመዋጮአቸው በላይ አይጠየቁም። ከዚህ የሚወጡ ሁለት አሉ። አንደኛው በጥንቃቄ ጉድለት ድርጅቱን ለኪሳራ ያበቃ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ከራሱ ኪስ እንዲከፍል ሊያዘው ይችላል። ሁለተኛው ለድርጅቱ ብድር ወይም ዱቤ በዋስትና የፈረመ ሰው ነው። ማኅበሩ ቢፈርስም የዋሱ ፊርማ ጸንቶ ይቆያል፤ በሶዶ ለወንድም ወይም ለአማች ብሎ ቤቱን ያስያዘ ሰው ባንኩ በሩን የሚያንኳኳው ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላም ሊሆን ይችላል።